«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም»፦ ከየካቲት 12 ጋር ሲነበብ

ይህ አባባል ሽምግልና ላይ ይዘወተራል። በዳይ «ያለፈ አለፈ፣ አሁን ምን ያስነሳዋል?» ሲል ከተበዳይ ወገን አንዱ ጣልቃ ይገባና «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል። ብዙ ሰው እንደ ዛቻ ይሰማዋል። እኔ የምስክር ቃል ነው ባይ ነኝ።

አነጋገሩ ጦርና ጋሻ የወንድ ትጥቅ የነበሩበትን ዘመን ይሸታል። ወጊው ጦሩን ነቅሎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የተወጋው ግን ቁስሉ ቢሽርም ብርድ በመጣ ቁጥር ይጠዘጥዘዋል። ለዚህም ነው በደም እርቅ ሽማግሌ ካሳ ከመቁረጡ በፊት በዳዩን ጥፋትህን እመን የሚለው።

ያላመነ ወጊ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የበለጠ ማስረጃ የለም። በዚያ አርብ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ግቢ፣ የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት እያስታደለ ሳለ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት። ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ ለሦስት ቀን ጥቁር ሸሚዞች የሚባሉት የፋሺስት ሚሊሻዎችና ወታደር ያልሆኑ ጣሊያናውያን ሳይቀሩ ዱላና የብረት ዘንግ ይዘው ከተማውን ወረዱበት፤ ጎጆውን ቤንዚን እያርከፈከፉ ከነሰዉ አነደዱት። ኢትዮጵያ ሟቾቹን 30,000 ትላለች፤ የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ይገምታል። በግንቦት ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ።

የጣሊያኑ ኮሪየሬ ዴላ ሴራ ጋዜጣ ዘጋቢ ቺሮ ፖጂያሊ ያን ሰሞን አዲስ አበባ ነበር። ሲቪሎቹ ዱላና ብረት ይዘው ያገኙትን ሐበሻ ሲፈጁ በዓይኑ አይቷል፤ ጽፎታልም። የጻፈው ግን በግል ማስታወሻው ላይ ነው። ፋሺስት በያዘው ጋዜጣ ሊወጣ አይችልማ! ማስታወሻው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ አንባቢው 34 ዓመት ጠበቀ ማለት ነው።

እኛ ዘንድስ ወሬ በማን ነበር የሚዞረው? በአዝማሪ። ግራዚያኒ ይህን አውቆታል። በመጋቢት ወር ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም በከተማውና በአካባቢው ያሉ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች እንዲገደሉ ማዘዙን፣ እስከዚያ ቀንም 70 ያህሉ ተለቅመው መጥፋታቸውን ይገልጻል። «የወጋ ቢረሳ» ስንል ወጊው በጊዜ ብዛት የዘነጋ ይመስለናል። እዚህ ግን መርሳት ራሱ ታቅዶ፣ በትእዛዝና በጥይት የተሠራ ሥራ ነበር። አባባላችን ለወጊው ትንሽ ያዳላለታል እላለሁ።

ይህ የማስረሳት ሥራ ከጦርነቱ በኋላም አልቆመም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 በጣሊያን የጦር ፍርድ ቤት 19 ዓመት ተፈረደበት፤ የተፈረደበት ግን ከናዚ ጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው፣ በኢትዮጵያ ስላፈሰሰው ደም አልተጠየቀም። ያም ሆኖ በጥቂት ወራት ውስጥ ተለቀቀ። በጋዜጣው ዓለም ደግሞ በወጣትነቱ ኢትዮጵያን ሊወጋ ዘምቶ የነበረው ስመ ጥሩ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ነበረ። «እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ አልተጣለም» እያለ ለአሥርተ ዓመታት ተከራከረ። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ በሰነድ ሲሞግተው ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1996 የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መጣሉን በይፋ ሲያምን ሞንታኔሊም መሳሳቱን ተቀበለ። ማይጨው የዘመቱ አባቶቻችን ጋዙ እንዴት እንደሚያቃጥል መናገር ከጀመሩ ግን ያኔ ስልሳ ዓመት ሞልቷቸው ነበር።

«የተወጋ በቅቶት ቢተኛ የወጋ እንቅልፍ አጣ» የሚል ሌላም አለ። ይሄኛው የሚነገረው በድሎ ሳለ ዳግመኛ ነገር ለሚቆሰቁስ ነው፤ ለአፊሌ ከተማም ይስማማል። ከሮም ብዙ የማትርቀው ይህች ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 በሕዝብ ገንዘብ ለግራዚያኒ መታሰቢያ አቆመችለት። በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ተቃውሞ አነሡ፤ ብዙ ጣሊያናውያንም አብረው ጮኹ። የጣሊያን ጋዜጦችም ሰውዬው አዲስ አበባ ላይ ምን እንደሠራ ለአንባቢዎቻቸው ሊያስረዱ ግድ ሆነባቸው።