«ግራመሩን ልጨርስና አፈሩን አነባለሁ»፦ የግብርና ተማሪዎች ስለ እንግሊዝኛ ያላቸው የተሳሳተ አመለካከት

በየዓመቱ አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር እሰማለሁ። «ቲቸር፣ ግራመሬ ደካማ ነው። መጀመሪያ ግራመሩን ልጨርስና የአፈር ሳይንሱን በኋላ አነባለሁ።» የሚናገረው ልጅ ይለያያል እንጂ ንግግሩ አይለወጥም። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ትሕትናም አለበት። ግን ስንቱን ጎበዝ ልጅ ወደ ኋላ እንዳስቀረ አይቻለሁ። ስለዚህ አሁን አሁን ስሰማው ትዕግሥቴ ያልቃል።

የተማርኩት የአፈር ሳይንስ ነው። የማስተምረው ደግሞ ለግብርና ተማሪዎች እንግሊዝኛ ነው። ከተማሪም ከወላጅም ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች እዚህ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«መጀመሪያ ግራመር፣ ከዚያ ትምህርቱ»

ግራመር ተጨርሶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። እስቲ አስቡት። ኮሌጅ የገባ ልጅ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ተምሯል። ከ9ኛ ክፍል ወዲህ ባዮሎጂውም ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ነው። ፓሲቭ ቮይስን፣ ኮንዲሽናልን፣ ቴንስን በየዓመቱ ደጋግሞ አይቷቸዋል። በ12 ዓመት ያላለቀ ግራመር በአንድ ክረምት አያልቅም።

አንድ ተማሪ ነበረኝ። ወፍራም የግራመር መጽሐፍ ከእጁ አይለይም። ስለ «ኢፍ» ስትጠይቁት ዓይነት 1፣ ዓይነት 2፣ ዓይነት 3 እያለ ቀመሩን ያወርደዋል። አንድ ቀን «አሲዳማ አፈር ላይ ኖራ ሲጨመር ምን ይሆናል? በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ» አልኩት። እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። በአማርኛ ግን ነገሩን አብጠርጥሮ ያውቀዋል። እነሱ ቀበሌ ኖራ ከተበተነ በኋላ ገብሱ ሲያገግም በዓይኑ አይቷል። ሕጉን ያውቃል፤ አፈሩንም ያውቃል። ሁለቱን አገናኝቶ ግን አያውቅም።

የዚያን ሰሞን ክፍሉን በሙሉ ይዤ ወደ ማሳ ወጣሁ። ያደረግነው ማንኛውም የአፈር ተማሪ የሚያውቀውን ነገር ነው፤ አፈርን በእጅ ዳሶ መለየት። እያንዳንዱ 25 ግራም የሚሆን አፈር መዳፉ ላይ ያደርጋል። ውሃ ጠብ ጠብ እያደረገ እንደ ሊጥ ያሸዋል። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች በተራ ይመልሳል። የመጀመሪያው «ዳዝ ዘ ሶይል ሪሜይን ኢን ኤ ቦል ዌን ስኩዊዝድ?» ይላል። ሲጨመቅ ድቡልቡል ሆኖ ይቆያል ወይ ማለት ነው። ቀጥሎ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መሃል እየገፉ ጥብጣብ ማውጣት ነው። «ዳዝ ዘ ሶይል ፎርም ኤ ሪበን?» ጥብጣቡ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተቆረጠ ከለም አፈር (እንግሊዝኛው «ሎም» ከሚለው) ወገን ነው። ከ2.5 እስከ 5 ከሄደ ሸክላ ያለበት ለም ነው። ከ5 ካለፈ ሸክላ አፈር ነው።

ማሳው ዋልካ ነበር። ሴሚስተሩን ሙሉ አፏን ከፍታ የማታውቅ አንዲት ልጅ ጥብጣቡን እየገፋች ወጣች። 5 አለፈ። 6 ደረሰ። ጥቁሩ ጭቃ ከጣቷ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ድንገት «ኢት ዳዝንት ብሬክ!» ብላ ጮኸች። ጠዋት ክፍል ውስጥ ግማሾቹ «ኢት ኖት ብሬክ» ሲሉ ነበር። «ዳዝ»ን ያን ቀን ያስተማራቸው ሰው የለም። ከሰዓቱን ሙሉ ግን ጥያቄው በ«ዳዝ» ይጀምራል፣ መልሱ በ«ዳዝ» ወይም በ«ዳዝንት» ያልቃል። በየእፍኙ አፈር ላይ ተደጋገመ። ደግሞ ሁሉም መልሱን ማወቅ ፈልጎ ነው የሚጠይቀው። ባዶ ቦታ ሙላ የሚል መልመጃ ይህን አይሰጥም።

ያ ባለ መጽሐፉ ልጅስ? እሱን ሐምሌ ላይ እዚያው ዋልካ ማሳ ዳር ይዤው ቆምኩ። ስንዴው ላይ ውሃ ተኝቶበታል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ውሃው የአፈሩን ቀዳዳ ሲሞላ አየሩን ያስወጣል። ሥሩ ኦክስጅን ያጣል፤ ናይትሮጅኑም ይባክናል። ይህን እሱ ራሱ አስረዳኝ። ከዚያ በአማርኛ 3 ዓረፍተ ነገር አስባልኩት።

«ውሃ ከተኛበት ስንዴ ቢጫ ይሆናል።» ይህ ሁልጊዜ የሚሆን ነገር ነው። «ኢፍ ዋተር ስታንድስ ኦን ዘ ፊልድ፣ ዊት ተርንስ የሎው።»

«ብናጠነፍፈው ያገግም ነበር።» ገና አላጠነፈፍነውም፤ እያሰብን ነው። «ኢፍ ዊ ድሬንድ ኢት፣ ኢት ዉድ ሪከቨር።»

«አጠንፍፈነው ቢሆን ኖሮ ቢጫ ባልሆነ ነበር።» አልፏል፤ ቁጭት ነው። «ኢፍ ዊ ሃድ ድሬንድ ኢት፣ ኢት ዉድ ኖት ሃቭ ተርንድ የሎው።»

አያችሁ? አማርኛ ያልሆነውን ነገር ሲናገር «ነበር»ን ይጎትታል። እንግሊዝኛም ያልሆነውን ለመናገር ግሱን ወደ ኃላፊ ጊዜ ይገፋዋል። ዘዴው አንድ ነው። ልጁ ይህን ስሜት በአማርኛ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይዞታል። መጽሐፉ ዓይነት 2፣ ዓይነት 3 ብሎ ቁጥር ሲሰጠው ነው የራቀው። ቢጫውን ስንዴ እያየ ሲናገረው ግን አልተሳሳተም።

ስለዚህ እባካችሁ ቅደም ተከተሉን ተዉት። የአፈር ሳይንሱን ዛሬውኑ አንብቡ። ግራመሩ እዚያው ገጹ ላይ ነው ያለው።

«በአማርኛ ማሰብ እንግሊዝኛን ያበላሻል»

አንዳንዴ ያሳስታል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያግዛል። «ዘ» የቱ ጋ እንደምትገባ የጨነቀው ተማሪ «አፈር» እና «አፈሩ»ን ይለይ። «አፈር ካርቦን ይይዛል» ስንል ስለ አፈር በጠቅላላው ነው፤ እንግሊዝኛውም «ዘ» የለውም። «አፈሩ ደርቋል» ስንል እኔና አንተ የምናውቀው አፈር ነው፤ «ዘ ሶይል ኢዝ ድራይ» ይሆናል። አማርኛው መጨረሻ ላይ የሚቀጥላትን «ኡ» ወይም «ው» እንግሊዝኛው ፊት ለፊት አስቀመጣት። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ግን ከማደናገር ያወጣል።

የሚያሳስተውንም ልንገራችሁ። እኛ «በቀለ» እና «አበቀለ»ን እንለያለን። እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ግሮው» ይላል። «ዊት ግሮውስ»፤ ስንዴው ይበቅላል። «ፋርመርስ ግሮው ዊት»፤ ገበሬው ያበቅላል። ተማሪ ይህ ስለማይዋጥለት «ፋርመርስ ሜክ ግሮው ዊት» ይላል። አያስፈልግም።

«ካትል ኢዝ»

«ካትል» (ከብቶች) ብዙ ቁጥር ስለሆነ «ካትል አር» ነው። እኛ «ከብቱ ገባ» ስለምንል ነው የምንሳሳተው። «ኢኪዩፕመንትስ» የሚባልም የለም።

«ፒኤች ከፍ ካለ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው»

ተቃራኒው ነው። ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው። ገለልተኛው 7 ነው፤ ከዚያ በታች ሲወርድ አሲዱ ይበረታል። በ6 እና በ5 መሃል ያለው ልዩነት ደግሞ 10 እጥፍ ነው። «ሎወር ፒኤች» እና «ሞር አሲዲክ» አብረው ነው የሚሄዱት።

«ትንንሾቹ ቃላት ችግር የለም፣ ሐሳቡ ከገባ ይበቃል»

ይህ አባባል ያስቆጣኛል። ሐሳቡ ያለው እኮ ትንንሾቹ ቃላት ላይ ነው!

የቀድሞ ተማሪዬ የነበረ አንድ የልማት ሠራተኛ አንድ ቀን ደወለልኝ። የደረሰውን ምክረ ሐሳብ በስልክ አነበበልኝ። «ኢንክሪስ ዘ ዩሪያ ሬት ባይ 50 ኪሎ ግራም ፐር ሄክታር» ይላል። «ቲቸር፣ ገበሬዎቹ በሄክታር 100 ኪሎ እየተጠቀሙ ነው፤ ለምን ወደ 50 አውርዱ ይላል?» አለኝ። ወደ 50 ሳይሆን በ50 ጨምሩ ነው የሚለው። «ባይ» በ፣ «ቱ» ደግሞ ወደ ማለት ነው። በትክክል ከተነበበ 150 ኪሎ ይሆናል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ሰብሉ 69 ኪሎ ናይትሮጅን ያገኛል። በእሱ አነባበብ ግን 23 ኪሎ ብቻ። የሁለት ፊደል ቃል ስንዴውን የናይትሮጅኑን ሲሶ ብቻ አስይዛ ልትሰደው ነበር። ደግነቱ ነገሩ ከነከነውና ደወለ። ያልከነከነውና ያልደወለውስ?

የጸረ ተባይ ዕቃ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ይብሳል። «ዱ ኖት አፕላይ ዊዚን 14 ዴይስ ኦፍ ሃርቨስት» ይላል። ምርቱ ሊሰበሰብ 14 ቀን ሲቀረው ጀምሮ አትርጩ ማለት ነው። «ዊዚን»ን «በኋላ» ብሎ የተረጎመ ተማሪ አጋጥሞኛል። በእሱ ትርጉም የሄደ ሰው ዛሬ ረጭቶ ነገ ቲማቲሙን ገበያ ያወጣዋል። ስለዚህ ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ ስታነቡ ቁጥሩን ብቻ ፈልጋችሁ አትውጡ። ከቁጥሩ በፊት ያለችውን ቃል በጣታችሁ ያዟት። «ባይ» ናት? «ቱ» ናት? «ዊዚን»? «አት ሊስት»? «አፕ ቱ»? እሷን ወደ አማርኛ ሳትመልሱ ለገበሬው ምንም አትንገሩ። ከተጠራጠራችሁ ደውሉ። ጠይቃችሁ ብታረጋግጡ ማንም አይንቃችሁም።

«ፓሲቭ ቮይስ ለመራቀቅ ነው»

አይደለም። የላብራቶሪ ሥራ ስትጽፉ ናሙናው ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተወሰደ፣ በአየር እንዲደርቅ ተደረገ፣ ተፈጨ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ተነፋ ትላላችሁ። ማን እንደነፋው ለአንባቢው አይጠቅመውም። ማንም ቢነፋው ያው ውጤት መምጣት አለበት። «ዌር ኮሌክትድ»፣ «ዌር ድራይድ»፣ «ዌር ግራውንድ»፣ «ዌር ሲቭድ» የሚባለው ለዚህ ነው። አማርኛው በ«ተ» ይሠራዋል፤ አዲስ ነገር አይደለም።

ምክር ላይ ስትደርሱ ግን ተጠንቀቁ። «ኢት ኢዝ ሪኮሜንድድ» ብሎ የሚያልፍ ጽሑፍ አልወድም። ይመከራል ማለት ማን ነው የሚመክረው? ለየትኛው አፈር? እዚያ ላይ ባለቤቱን ጻፉ።

«በቀን 20 ቃል መሸምደድ»

ቃል ለብቻው ሲሸመደድ በሳምንቱ ይጠፋል። ቤተሰቡን ካወቃችሁት ግን ይቆያል። «ኢሮድ»ን ውሰዱ። ከእሱ «ኢሮዥን» ይመጣል፤ መሸርሸር ነው። «ኢሮሲቭ» እና «ኢሮዲብል» ግን ብዙውን ተማሪ ያምታታሉ። «ኢሮሲቭ» የዝናቡ ጠባይ ነው፣ «ኢሮዲብል» የአፈሩ። ዝናቡ ሸርሻሪ፣ አፈሩ ተሸርሻሪ። አማርኛው በአንዲት «ተ» የለየውን እንግሊዝኛው በቃሉ መጨረሻ ለየው። ይህን ያወቀ ተማሪ «ሶሉብል» ሲያይ የሚሟሟ፣ «አቬይለብል» ሲያይ የሚገኝ መሆኑን ከቅርጹ ይጠረጥራል።

የዋልካ ሳይንሳዊ ስም የሆነው «ቨርቲሶል»ም እንደዚሁ ነው። ማዞር ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ «ኢንቨርት» እና «ኮንቨርት» ወንድሞቹ ናቸው። በጋ ላይ ዋልካው ይሰነጠቃል፣ የላዩ አፈር ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ክረምት ሲመጣ ያብጣል። ራሱን በራሱ ያገላብጣል። ማሳው ዳር ያደገ ልጅ ይህን ቃል መሸምደድ አያስፈልገውም።

«ገበሬው አማርኛ ነው የሚናገረው፣ እንግሊዝኛ ምን ያደርግልኛል?»

በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ዋልካ አለ። ስለ እሱ የተጠናው አብዛኛው ነገር የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ገበሬው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይጠይቃችኋል፤ መልሱን ከዚያ አውጥታችሁ በእሱ ቋንቋ ማምጣት የእናንተ ሥራ ነው። በጎደለ ንባብ የሚጎዳው እናንተን ያመነው ሰው ነው።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደ ቤት ስትሄዱ ይህን ሥሩልኝ። ከጓሮ እፍኝ አፈር አንሱ። አርጥቡት፣ እሹት፣ ጥብጣብ አውጡ፣ በማስመሪያ ለኩት። ከዚያ ደብተራችሁ ላይ 7 ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉ። 2ቱ አፈሩ ምን እንደሚመስል፣ 2ቱ ምን እንደተደረገበት በፓሲቭ፣ 2ቱ ውሃ ሲተኛበት ወይም ሲደርቅ ምን እንደሚሆን በ«ኢፍ»። 7ኛውን አባታችሁን ወይም እናታችሁን ጠይቃችሁ ጻፉት። አምና ማሳው ላይ ምን ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ይሻል እንደነበር ጠይቋቸው፤ በ«ኢፍ ዊ ሃድ» ጀምሩት።