የቤተሰብ ፎቶ ከመነሳታችሁ በፊት፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ለቤተሰብ ፎቶ ቀጠሮ ሊይዝ የሚደውልልኝ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ልብስ ነው። «ምን እንልበስ? ምን እንግዛ?» ይለኛል። ስንት ሰዓት ላይ ብንነሳ ይሻላል ብሎ የሚጀምር ጥቂት ነው። አያት ስንት ሰዓት ላይ እንደሚደክማቸው፣ ትንሿ ልጅ መቼ እንደምትተኛ ደግሞ ካልጠየቅሁ የሚነግረኝ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ሥራ ስቆይ እንዳየሁት፣ ፎቶ የሚበላሽባቸው ቤተሰቦች አብዛኞቹ ብዙ የለፉና ብዙ ያወጡ ናቸው። የለፉት ግን በማያስፈልገው ላይ ነው።

«ፀሐይ ሞቅ ስትል ፎቶው ይደምቃል»

ከሁሉ የበዛው ስሕተት ይህ ነው። የበዓል ምሳ ይበላና ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ቤተሰቡ ግቢው መሃል ይሰለፋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው፤ ዓመቱን ሙሉ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ትቆማለች። ብርሃን ከላይ ሲወርድ የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፣ ከአፍንጫና ከአገጭ ሥር ጥላ ያርፋል፣ ግንባር ያብረቀርቃል። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ብርሃኑም የዚያኑ ያህል ይበረታል። ሰው ዓይኑን አጨንቁሮ የወጣበት ፎቶ ሁሉ የዚህ ሰዓት ነው ብላችሁ ብዙም አትሳሳቱም።

ጥሩ ሰዓት ከፈለጋችሁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 ተኩል በኋላ ያለው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በእኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ ያ ወርቃማ ብርሃን ረጅም አይቆይም፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያልፋል። ለ11 ሰዓት በተያዘ ቀጠሮ 12 ሰዓት የደረሰ ቤተሰብ የሚነሳው ሊጨልም ሲል ነው። «መንገድ ዘግቶን ነው» የሚለውን እረዳለሁ፤ ፀሐይዋ ግን አትጠብቅም። ስለዚህ ለእናንተ የነገርኳችሁን ሰዓት ለዘመድ ስትነግሩ ግማሽ ሰዓት ቀንሱ።

ቀትር ላይ ከመነሳት ሌላ ምርጫ ከሌለ በረንዳ ወይም የግድግዳ ጥላ ፈልጉና ፊታችሁን ወደ ሰማዩ ክፍት ወደሆነው ወገን አዙሩ። የዛፍ ጥላ ግን አደራ፤ በቅጠሉ መሃል ሾልኮ የሚገባው ብርሃን ፊት ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይጥላል። ደመናን ደግሞ አትፍሩ። በሐምሌና በነሐሴ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች «ሰማዩ ጠቁሯል» ብለው ቀጠሮ ሲሰርዙ ከልብ አዝናለሁ፤ ደመና የሸፈነው ሰማይ ብርሃኑን ለሁሉም ፊት እኩል ያድላል። ዝናቡን እስካላወረደው ድረስ ለቡድን ፎቶ ከእሱ የሚሻል የለም።

«ጠቆር ያለ ሰው ፎቶ አይወጣለትም»

ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ልጅ ሆና «አንቺ ፎቶ አያነሳሽም» የተባለች ሴት አርባ ዓመት ሞልቷትም ከቡድኑ ጀርባ ትደበቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ ብርሃን የሚለካው ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ሲደመር መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ በማሰብ ነው። ስምንት ሰው ነጭ ሀበሻ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላና ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሲቆምለት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጩ ልብስ አመድማ ይሆናል፣ ፊት ደግሞ ይጠቁራል። ጥፋቱ የመለኪያው ሆኖ ሳለ ጥፋተኛ የሚደረገው ቆዳው ነው። ፎቶ አንሺው ፊት ላይ ለክቶ ብርሃኑን ከፍ ካደረገ፣ የጥለቱን ክር እንዳያጠፋም ከተጠነቀቀ ነገሩ ይስተካከላል። በስልክ ስታነሱም ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነክታችሁ ብርሃኑን ትንሽ ጨምሩ።

ታሪኩም ቢሆን የቆዳ ጥፋት አለመሆኑን ያሳያል። የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ ለበርካታ ዓሥርተ ዓመታት ፎቶ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት ሸርሊ ካርድ የሚባል ናሙና ያሠራጭ ነበር፤ በካርዱ ላይ የነበሩት ነጭ ሴቶች ናቸው። የዓለም የቀለም ፎቶ የተቃኘው በእነሱ ፊት ልክ ነበር ማለት ነው።

ፊትን ለማቅላት ብሎ ከራስ ቆዳ የነጣ ፓውደር መቀባትም ከዚሁ እምነት የሚመጣ ነው። በካሜራ ፍላሽ ሲነሱ ፊት ዱቄት የተነፋበት ይመስላል፣ አንገትና እጅ ሌላ ቀለም ሆነው ይቀራሉ። ከአንገታችሁ ጋር የሚመሳሰለውን ተቀቡ፤ ወዙን በሶፍት መታ መታ አድርጎ ማንሳት ደግሞ ከማንኛውም መኳያ በላይ ይሠራል።

«ሁላችንም አንድ ዓይነት ካልለበስን አያምርም»

ነጭ በነጭ መልበስ ያምራል፤ ግዴታ ግን አይደለም፣ ለስምንት ሰው አዲስ ልብስ ለማሰፋት ብድር የሚገባበትም አይደለም። ከእናት ቀሚስ ጥለት አንድ ቀለም ወስዳችሁ ለልጁ ሹራብ፣ ለአባት ክራቫት ብታደርጉት ይበቃል። ደማቅ አረንጓዴና ብርቱካናማ ቲሸርት አገጭ ሥር ቀለሙን ያንጸባርቃል፤ በጣም ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ዲጂታል ካሜራ ላይ የሚወዛወዝ ይመስላል፤ ትልቅ ጽሑፍ ያለበት ልብስ ዓይንን ከፊት ይሰርቃል። ነጠላውን ከዋዜማው ተኩሳችሁ ስቀሉት፤ የታጠፈበት መስመር ከምታስቡት በላይ ይታያል። ለልጅ አዲስ ጫማ በዚያው ቀን አታድርጉለት። ጫማ የሚጨንቀው ልጅ ፈገግ አይልም።

«ጥሩ ፎቶ የሚወጣው ሩቅ ቦታ ሲሄዱ ነው»

እንጦጦ ውብ ነው፤ ባሕር ዛፉም፣ ወደ ታች የሚታየው ከተማም። ነገር ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጠዋት ይበርዳል፣ ጉልበት የሚያማቸውን እናት ዳገት ብታስወጡ ደግሞ ፎቶው ላይ ፊታቸው ይናገራል። በመስከረም አደይ አበባ መሃል ለመቆም መስክ ረግጦ መግባትም አበባውን ለቀጣዩ ሰው ያሳጣዋል፤ ዳር ላይ ቁሙ፣ አበባው ከፊትና ከኋላ ይሁን። መናፈሻ ከመረጣችሁ በትልቅ ካሜራ ለማንሳት ፈቃድ ወይም ክፍያ ይጠይቁ እንደሆነ ቀድማችሁ ደውሉ።

እኔ ግን ቤታችሁን እመርጣለሁ። ልጆቹ ያደጉበት ደጃፍ፣ አባት ጋዜጣ የሚያነቡባት ወንበር፣ ረከቦቱ የሚቀመጥበት ጥግ። ቤቱ ጠባብ ከሆነ በሩን ከፍታችሁ ከበሩ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ቁሙ፤ የበር ብርሃን ስቱዲዮ ውስጥ በብዙ ዕቃ የሚፈለገው ዓይነት ለስላሳ ብርሃን ነው።

«ልጆችን ሳቁ ማለት፣ ትልልቆችን ቀጥ በሉ ማለት»

«ሳቅ በል!» የተባለ ልጅ ጥርሱን ያሳያል እንጂ አይስቅም። ያብሉት፣ ያስተኙት፣ ከዚያ ያምጡት፤ የቀረውን ለፎቶ አንሺው ይተዉለት። ቅደም ተከተሉ ደግሞ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ትልቁም ትንሹም ያለበት ሙሉ ቤተሰብ፣ ቀጥሎ አያቶች ከልጅ ልጆች ጋር፣ ከዚያ እነሱ ይረፉ። ወንድምና እኅቶቹ፣ ባልና ሚስቱ መጨረሻ ላይ ይደርሳሉ። ብዙ ቤት የሚደረገው ተቃራኒው ነው፤ ሙሽራ ለመሰለው ወጣት አንድ ሰዓት ይፈጅና አያት ሲደክማቸው ይጠራሉ።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። አያትን ከመሃል አስቀምጬ «እስቲ ይመርቁልን» እላቸዋለሁ። ምርቃቱ ሲጀመር የሁሉም ትከሻ ይወርዳል፣ አሜን እያሉ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ምርቃቱ አብቅቶ ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ማንም «ሳቁ» ብሎ አያመጣውም። ያኔ ነው የማነሳው፤ ደጋግሜ። አሥር ሰው ባለበት አንዱ ሁልጊዜ ዓይኑን ስለሚጨፍን አንድ አቋቋም አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ መነሳት አለበት፤ «በቃ አነሳህ» ብላችሁ አትበተኑ።

«ኤዲት ላይ ይስተካከላል»

ብጉር ይጠፋል፣ ቀለም ይስተካከላል። የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን አይጠራም፤ በብርሃን ብዛት ነጥቶ የጠፋ ጥለትም አይመለስም።

«የቀረው ሰው በኋላ ይጨመራል»

ይህ ጥያቄ የሚመጣልኝ አንድ ልጅ ዋሽንግተን፣ አንዷ ጅዳ ካለችባቸው ቤቶች ነው። መጨመር ይቻላል፤ እንዲያምርም ከተፈለገ ቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። በቡድኑ መሃል ቦታ ይተውለት፤ እሱም ባለበት አገር ብርሃኑ ከዚያው አቅጣጫ እየመጣ፣ ካሜራው በዚያው ከፍታ ሆኖ ይነሳ። ከፓስፖርት ፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ ፊት ግን ቤተሰቡን ሁሉ የሚያስጨንቅ ነገር ይሆናል።

ደግሞ የሚመጡ ከሆነ ጠብቋቸው፤ ከመጡ በኋላ ግን አትጠብቁ። ብዙ ቤተሰብ የሚደውልልኝ የመመለሻ በረራው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ነው፤ ሻንጣ እየታሰረ፣ በርበሬና ሽሮ እየተመዘነ፣ ሁሉም ሆዱ ባብቶ። በመጡ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን አድርጉት።

እኛ ቤት «ቤቱ ይለቅ፣ ታላቅ ወንድማችሁ ይምጣ፣ ያኔ እንነሳለን» ይባል ነበር። ቤቱ አለቀ፣ ወንድሜም መጣ። አባቴ ግን አልነበረም። የሌላ ሰው ቤተሰብ በሙሉ ያነሳሁ እኔ፣ ሁላችንም ያለንበት አንድ ፎቶ የለኝም። ለዚህ ነው ቀጠሮ ስታዘገዩ የምቆጣችሁ።

«ሶፍት ኮፒው ካለ ይበቃል»

ስልክ ይሰረቃል፣ ይወድቃል፣ ይቀየራል። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ መጠኑን ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ፎቶ አንሺያችሁን «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት፣ ወይም በፍላሽ ዲስክ ተቀበሉ። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ጥርት ብሎ እንዲታተም በግምት 2,400 በ3,500 ፒክስል ያስፈልጋል። ሁለት ቦታ አስቀምጡት፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጪ ይሁን።

ከዚያ አሳትሙ። ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ ከመስቀላችሁ በፊት ግን ጀርባውን ገልብጡ። በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሁሉንም ስም ጻፉ፤ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱንም። ወረቀቱ እርሳስ የማይቀበል ከሆነ በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ ከፍሬሙ ጀርባ አስገቡት። እናቴ ሳጥን ውስጥ በጥቁርና ነጭ የተነሱ አራት ሴቶች አሉ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከአንድ አጥር ፊት ቆመው። አንዷ የአያቴ እኅት እንደሆነች እናውቃለን። የትኛዋ እንደሆነች የሚነግረን ሰው የለም።