በጅማ ግቢ ውስጥ እሳት ማንደድ፦ ልማዱ፣ ሕጉና ጥንቃቄው

ጅማ እሳት የሚያሰጋት ከተማ አትመስልም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይጥልባታል። ክረምቱ ረጅም ነው፤ ማገዶ ማድረቅ ራሱ ፈተና ነው። ስለዚህ እዚህ ሰው የሚያማርረው እሳቱ አልያያዝ ሲለው እንጂ ሲያመልጠው አይደለም። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሣሩ ይቢጫል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከእግር ስር ይንኮሻኮሻል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ስምንት ወር ያላስቸገረ ልማድ በእነዚህ ወራት ቤት ያቃጥላል።

የግቢ እሳት ሲባል ብዙ ዓይነት ነው። ጓሮ ማድቤት ውስጥ የሚነደው አለ። በረንዳ ላይ የሚቀጣጠለው የከሰል ማንደጃ አለ፤ በቡና አገር ይሄኛው በቀን ሁለት ሦስቴ ይያያዛል። ለሠርግና ለልቅሶ ደጅ ላይ ጉልቻ ተጎልቶ ትልቁ ድስት ይጣዳል። ነሐሴ ላይ የቡሄ ችቦ፣ ጳጉሜ ማብቂያ ላይ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ፣ መስከረም 16 ደግሞ ደመራ አለ። የተጠረገ ቅጠል፣ የጫት ገረባና ፌስታልም ጥግ ላይ ተከምሮ ክብሪት ይጫርበታል። ከሁሉም የሚያሰጋኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ወጥ የጣደ ሰው እሳቱ አጠገብ ይቆያል። ቆሻሻ የለኮሰ ሰው ግን ለኩሶ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ቆሻሻ ማቃጠል የራሱ ቀን አለው። ኅዳር 12 ቀን፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር የዓለም የጉንፋን ወረርሽኝ አገራችን ገብቶ ብዙ ሰው ጨረሰ። «የኅዳር በሽታ» የተባለው እሱ ነው። ያኔ ሰፈር ይጸዳ፣ ቆሻሻ ይቃጠል፣ ጭሱም አየሩን ያጥነው ተባለ። ልማዱ እስከ ዛሬ በብዙ ከተሞች ቀጥሏል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የተቀየረው ቆሻሻው ነው። የያኔው ጥራጊ ቅጠልና ገለባ ነበር። የዛሬው ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ ያረጀ ጫማና የሽቦ ልባስ ነው። ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ሳንባ ይጎዳል። አንዳንዱም ዳዮክሲን የሚባለውን አደገኛ መርዝ ይለቃል። ማጽዳቱን ይዘን ማቃጠሉን ብንተው ቀኑ ትርጉሙን አያጣም ብዬ አምናለሁ።

ጅማ ላይ ደግሞ ኅዳር ሌላም ነገር ነው። ቡና ይለቀማል፣ በየግቢውና በየማሳው ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ቡና ደግሞ ሽታ ይስባል። አጠገቡ ቆሻሻ ሲጤስ የዋለ ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ሲቆላና ሲፈላ ያንን ጭስ መልሶ ያወጣዋል። ቀማሽ ወዲያው ይለየዋል፤ ዋጋውም በዚያው ይወርዳል። አንድ ዓመት የተደከመበት ምርት በጎረቤት የአንድ ከሰዓት እሳት ሊበላሽ ይችላል።

የገለፈቱ ነገር ለብቻው መወሳት አለበት። የቡና ገለፈት ክምር ሲያያዝ ነበልባል ብዙም አያሳይም፤ ውስጥ ለውስጥ ይጤሳል። ላዩ ቀዝቃዛ አመድ ይመስላል። ከስሩ ግን ረመጡ ለቀናት ይቆያል። የሚሮጥ ልጅ አመድ ነው ብሎ ይረግጠዋል፤ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይሰምጣል። እንዲህ ያለ ክምር ካለ ዙሪያውን ማጠር፣ ቢቻል ከጅምሩ ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ መቀየር ይሻላል።

በአሜሪካ ብዙ ቦታ አየሩ ሲደርቅና ነፋስ ሲበረታ የአካባቢው አስተዳደር ለተወሰነ ጊዜ ደጅ እሳት ማንደድ ይከለክላል። በአውስትራሊያም ሙሉ የእሳት ክልከላ የሚታወጅባቸው ቀናት አሉ። ጅማ ላይ ግን ጉዳዩን የሚገዙት ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩ የአገሪቱ ሕጎች ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸትና ሽታ በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። «ግቢዬ ነው፣ ምን አገባህ» የሚለው መልስ በሕግ አያዋጣም ማለት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሆን ብሎ ቤት፣ ሰብል ወይም ደን የሚያቃጥልን ሰው ይቀጣል፤ በቸልተኝነት የተነሳ እሳትም ከተጠያቂነት አያስመልጥም። ደን ውስጥ እሳት መለኮስን የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ይከለክላል። ይህ ለጅማ ዙሪያ ትልቅ ነገር ነው፤ በለጠ ጌራን የመሰለ ደን ጎረቤቷ ነውና። ማር ቆራጮች ንብ ለማባረር የሚያጤሱት ችቦ በበጋ ከዛፍ ላይ ፍም ሲያንጠባጥብ የደን እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ርቀትን በተመለከተ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚከተሉት ሞዴል የእሳት ደንብ ለመዝናኛ የሚነድ እሳት ወርዱ ከ90 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። ከቤትም 7.6 ሜትር ያህል እንዲርቅ ይጠይቃል። ይህን በጅማ ግቢ ለክታችሁ ሞክሩት። 10 በ20 ሜትር በሆነ ግቢ ቤቱ፣ ማድቤቱና ሽንት ቤቱ ከቆመ በኋላ 7.6 ሜትር ባዶ ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ ርቀቱ ካልተገኘ እሳቱ ማነስ አለበት። ትልቅ ደመራ መንደድ ያለበት ሜዳ ላይ ነው።

ከመለኮስ በፊት ቀና ብሎ ማየትም ይገባል። የመብራት ሽቦ፣ የደረቀ ቅርንጫፍና የልብስ ገመድ ከላይ እንዳይኖር። ጭቃ ቤት አይቃጠልም የሚል እምነት አለ። ጭቃው አይቃጠልም። ውስጡ ያለው የባሕር ዛፍ ማገር፣ ከቆርቆሮው ስር የተወጠረው የማዳበሪያ ወይም የአቡጀዲ ኮርኒስ ግን ይቃጠላል። ፍንጣሪ በቆርቆሮና በግድግዳ መካከል ባለው ክፍተት ይገባል። በጀሪካን የተቀመጠ ቤንዚንም እሳት ካለበት ግቢ መራቅ አለበት፤ እሳት ለማያያዝ ቤንዚን ማርከፍከፍ ደግሞ ፊት የሚያሳጣ ድፍረት ነው። ከወንዝ የመጣ ድንጋይም ለጉልቻ አይሆንም። ውስጡ የገባው ውሃ ሲፈላ ድንጋዩ ይፈነዳል። ያልተሰነጠቀ ቀርከሃም እንደዚሁ።

አሁን ወደ ማጥፋቱ። እኛ እሳት ማዳፈን እንጂ ማጥፋት አልለመድንም። ድሮ ክብሪት ብርቅ በነበረበት ዘመን ፍም አመድ ለብሶ ያድራል፤ ጠዋት ይገለጣል። ፍም ያልተረፈለት ከጎረቤት ይጭራል። ያ ብልሃት ነበር። ልማዱ ግን እጃችን ላይ ቀርቶ፣ ደጅ ያነደድነውንም አመድ አልብሰን እንተኛለን። ሌሊት ነፋስ ይገልጠዋል። በትክክል ማጥፋት እንዲህ ነው። ውሃ ቀስ ብሎ ማፍሰስ፣ ራቅ ብሎም መቆም፣ እንፋሎቱ ያቃጥላልና። ከዚያ በእንጨት ከስር መገልበጥ። እንደገና ማፍሰስ። የእጅን ጀርባ አስጠግቶ ሙቀት መኖሩን ማየት። እስኪቀዘቅዝ ድረስ መደጋገም። ከማንደጃ የወጣ አመድ በፌስታል ወይም በካርቶን ከአጥር ስር አይጣልም፤ የብረት ባልዲ ውስጥ ክዳን ተደርጎበት ይደር።

የከሰል ማንደጃ ብርድ ነው ተብሎ መኝታ ቤት ከገባ አደጋው ነበልባል አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በልጦ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ጎህ ሲቀድ የማይነሳ ቤተሰብ የሚገኘው በዚህ ነው።

የተቃጠለ ሰው ቢኖር የሚፈስ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ። ኮልጌት፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ማር አይቀባም፤ ሙቀቱን አፍኖ ቁስሉን ያመረቅዛል። ቀለበትና ሰዓት ሳያብጥ በፊት ይወልቃል። ቃጠሎው ከሰፋ፣ ፊት ወይም እጅ ከነካ፣ ሕፃን ከሆነ ወዲያው ሐኪም ቤት። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ክፍት እሳት አጠገብ ብቻውን አይቀመጥ። እሳት ላይ ወድቀው እጃቸውን ወይም ፊታቸውን ያጡ ብዙ ናቸው። ጉልቻውን በጭቃ ከፍ አድርጎ ዙሪያውን መክበብ ከአንድ ቀን ሥራ አያልፍም።

የጅማን እሳት አደጋ መከላከያ ስልክ ከቀበሌ ጠይቆ በር ጀርባ በጉልህ መጻፍ ደግሞ አምስት ደቂቃ ነው። መኪናው ግን ጠባብ ቅያስ ውስጥ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያ ያለው ሁለት ባልዲ ውሃ፣ አንድ አካፋና የጎረቤት ጉልበት ነው። ባልዲው ክብሪት ከመጫሩ በፊት ይሞላ።