ነጭ ሪቫን ምንድን ነው?

በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት የሚወገዝበት ዓለም አቀፍ ቀን፣ ህዳር 16፣ ሲደርስ በየመሥሪያ ቤቱ ነጭ ሪቫን ይታደላል። ትንሽ ጨርቅ ናት፤ ታጥፋ በመርፌ ቁልፍ ደረት ላይ ትያያዛለች። እኔም ለዓመታት አድርጌያታለሁ። ስብሰባ እንገባለን፣ ንግግር እንሰማለን፣ ፎቶ እንነሳለን። ማታ ሸሚዙ ሲወልቅ ሪቫኗም ትወልቃለች። ምን ማለት እንደሆነች ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ለሴቶች ያለንን አዘኔታ የምታሳይ ይመስለኝ ነበር።

አይደለም። ነጭ ሪቫን ቃል ኪዳን ነው። ቃሉን የሚገባውም ወንድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ካናዳ ነው። በፈረንጆች ዲሴምበር 6 ቀን 1989 አንድ የታጠቀ ሰው ሞንትሪያል ከተማ ውስጥ የምህንድስና ትምህርት ቤት ገባ። አንድ ክፍል ውስጥ ወንዶቹን ከሴቶቹ ለይቶ አስወጣቸው። ፌሚኒስቶችን፣ ማለትም ለሴቶች እኩልነት የሚከራከሩትን፣ እንደሚጠላ ተናግሮ ተኮሰ። በዚያን ቀን 14 ሴቶች ገደለ። በ1991 ጥቂት ካናዳውያን ወንዶች፣ ማይክል ካውፍማን፣ ጃክ ሌይተንና ሮን ስሉሰር ያሉበት ቡድን፣ ሌሎች ወንዶች ነጭ ሪቫን እንዲያደርጉ ጥሪ አቀረቡ። ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር ደርሷል። ህዳር 16 የተመረጠው ደግሞ በፈረንጆች 1960 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ አምባገነን መንግሥት ለተገደሉት ለሚራባል እህትማማቾች መታሰቢያ ነው። በዚያ ቀን የሚጀምረው ጥቃትን የመቃወም ዘመቻ እስከ ታህሳስ 1 ድረስ 16 ቀን ይቆያል።

ቃል ኪዳኑ ሦስት ነገር አለው። በሴት ላይ ጥቃት አልፈጽምም። ጥቃትን አልደግፍም። ጥቃት እያየሁ ዝም አልልም።

የመጀመሪያው ላይ አልቆይም። እጁን በሴት ላይ የማያነሳ ወንድ ከተማችን ጎንደር ውስጥ ሞልቷል። ሁለተኛው ጠንከር ይላል። ምክንያቱም መደገፍ ዱላ ማቀበል ብቻ አይደለም። «ምን አድርጋው ይሆን?» ማለትም መደገፍ ነው። ፒያሳ ላይ ጓደኛችን የምታልፈዋን ልጅ ሲለክፍ አብሮ መሳቅም መደገፍ ነው። ሴትን ከአህያ ጋር አዳብሎ ዱላ የሚያዝላትን ተረት ለጨዋታ ማሳመሪያ ማምጣትም እንደዚያው። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን የሚመታበት ተገቢ ምክንያት አለ ብለው ያመኑት ወንዶች 28 ከመቶ ነበሩ። ሴቶቹ ግን 63 ከመቶ። ይህን ቁጥር ሳየው በጣም አዘንኩ። ያ ሁሉ ተረትና ሳቅ የገባው ሴቶቹ ጆሮ ውስጥ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተውት ራሳቸው አምነውታል።

ሦስተኛው የእኔም ዕዳ ነው።

ወጣት ሳለሁ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ እኖር ነበር። ግድግዳው ስስ ነው። ጎረቤቴ አንዳንድ ማታ ሚስቱን ይመታት ነበር። ይሰማኛል። ሬዲዮ ከፍ አደርጋለሁ። በባልና ሚስት መሀል አይገባም ተብዬ ነው ያደግሁት። ጠዋት ውሃ ስንቀዳ ሰላም እንባባላለን፣ ፊቷን ላለማየት ጀሪካኑን አያለሁ። አንድ ቀን ልጇን ይዛ አዘዞ እናቷ ዘንድ ልትሄድ ወጣች። ዕቃዋን ባጃጅ ላይ ስጭንላት «ይሰማህ ነበር አይደል?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። በዚያው ጥናት አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 ከመቶዎቹ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። እሷ ግን መናገርም አያስፈልጋትም ነበር። ግቢው በሙሉ ይሰማ ነበር።

ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ? በር ሰብሮ መግባት አይደለም። እልህ የተጋባ ሰው እኔ ስሄድ ንዴቱን የሚወጣው በእሷ ላይ ነው። ግን በር አንኳኩቶ ክብሪት መጠየቅ ይቻላል። የተነሳ እጅ ለአፍታ ይወርዳል፤ ሰውየውም ሰው እንደሚሰማው ያውቃል። ሌላ ጎረቤት መጥራት ይቻላል። ሕይወቷ የሚያሰጋ ከሆነ ፖሊስ መጥራት ግድ ነው። በማግስቱ ደግሞ ለብቻዋ ስትሆን «ምን ላግዝሽ?» ማለት። ተደፍራ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ቤት መድረስ አለባት፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተጀመረ ነው። ውጪ ወይም ቆዪ ብሎ መወሰን ግን የእኛ ድርሻ አይደለም። የሚያሰጋትን ከሁሉም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ሕጉም ቢሆን «የቤት ጉዳይ» አይልም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል ነው ይላል። የጠለፋትን ልጅ ቢያገባትም ጠላፊው ከቅጣት አያመልጥም።

ፌሚኒዝም ሲባል ፊቱን የሚያጠቁር ወንድ ብዙ ነው። ወንድን መጥላት ነው ተብሎ ስለተወራ ነው። ትርጉሙ ሴት በአካሏም፣ በንብረቷም፣ በውሳኔዋም እኩል ባለመብት ናት ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ካለው አይርቅም። እኛ ደግሞ ቁስቋም ወጥተን የእቴጌ ምንትዋብን ግቢ ለእንግዳ በኩራት የምናሳይ ሰዎች ነን። የወንድ ድርሻ በሴቶች መድረክ ላይ ማይክ መያዝ አይደለም። ሴቶች በሌሉበት፣ ፑል ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ወንድ ለወንድ ስንሆን የምንናገረውና የማናልፈው ነገር ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ዝምታችን የሚጎዳው ሽምግልና ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሚስት ተደብድባ ወላጆቿ ቤት ስትገባ ሽማግሌ ይላካል። አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ወንዶች ናቸው። «ለልጆችሽ ብለሽ» ትባላለች። እሱ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ቡና ይጠጣል፣ ትመለሳለች። ዳግመኛ ቢመታት ማን እንደሚጠየቅ አይነሳም። ሪቫን ያደረገ ሰው ለሽምግልና ከተጠራ፣ ባልየው በሌለበት አስቀድሞ እሷን ለብቻዋ ያነጋግራት። መመለስ ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቃት። አልፈልግም ካለች፣ ያንኑ ቃሏን ይዞ ሄዶ ለባልየው ይንገረው።