«ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ምን ዓይነት ግስ ያስከትላል?
በእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» በሚለው፣ ምላሽ በጉጉት እንደሚጠበቅ በሚገልጸው ዐረፍተ ነገር ነው። ብዙዎች ግን «ቱ» በ«አይ ዎንት ቱ ሂር» ውስጥ እንደምታደርገው እዚህም መነሻ ግስ የምታስከትል ስለሚመስላቸው «ሂር» ብለው ይጽፋሉ፤ ስሕተቱ ትንሽ ቢሆንም በመጨረሻው መስመር ላይ ስለሚውል ጎልቶ ይታያል። እዚህ «ቱ» መስተዋድድ በመሆኗ ከእርሷ ቀጥሎ ስም፣ ወይም በ«ኢንግ» የሚያልቅና እንደ ስም የሚያገለግል ግስ መምጣት አለበት። ለማረጋገጥ በግሱ ቦታ «ኢት» የሚለውን ተውላጠ ስም መተካት ይበቃል፦ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ኢት» ይባላል፣ «አይ ዎንት ቱ ኢት» ግን አይባልም። በመደበኛ ደብዳቤ ደግሞ «አይ አም ሉኪንግ» ከሚለው ይልቅ «አይ ሉክ» ይመረጣል፤ የመጀመሪያው ለቅርብ ሰው የሚጻፍ ዓይነት ቅርበት አለው።