ናሽናልስ ፊኔጋንን ለምን ለቀቀው? የሚባለውና እውነታው

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የዋሽንግተኑ የቤዝቦል ቡድን ናሽናልስ ተጫዋቹን ካይል ፊኔጋንን ለቀቀው። ፊኔጋን የቡድኑ ክሎዘር ነበር፤ ቡድኑ በጠባብ ልዩነት ሲመራ መጨረሻ ላይ ገብቶ ጨዋታውን የሚዘጋ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ማለት ነው። በዚያው ዓመት ለኦል ስታር፣ ማለትም ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ ተመርጧል፤ 38 ሴቭም (መሪነቱን ጠብቆ የዘጋቸው ጨዋታዎች) አስመዝግቧል። ደጋፊው ተናደደ፣ ለሁለትም ተከፈለ። ከዩ ስትሪት በአረንጓዴው የባቡር መስመር ስታዲየሙ ድረስ ለምንሄድ የዲሲ ሰዎችም ጉዳዩ የራሳችን ነው። ክርክሩ ግን ብዙ ስህተት አለበት።

«38 ሴቭ ያለውን ሰው መልቀቅ እብደት ነው»

ሴቭ የፒቸሩን ብቃት ብቻውን አይናገርም። ቡድኑ በሦስት ነጥብ እየመራ የመጨረሻውን ኢኒንግ (ዙር) ይዞ ሁለት ቢቆጠርበትም ሴቩ ይጻፍለታል። ፊኔጋን እስከ ኦል ስታር እረፍት፣ ማለትም እስከ ውድድሩ አጋማሽ ድረስ ግሩም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ተጋጣሚዎች ኳሱን ደጋግመው መቱበት።

ዋናው ነገር ገንዘቡ ነው። በሊጉ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያገለገለ ተጫዋች ከቡድኑ ጋር በደመወዝ ካልተስማማ ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኞች ይሄዳል። እዚያ ደግሞ የሴቭ ብዛት ትልቅ ክብደት አለው። ፊኔጋን በ2024 ወደ 5.1 ሚሊዮን ዶላር አግኝቷል፤ ለ2025 ደግሞ 8.6 ሚሊዮን ገደማ እንደሚደርስ ተገምቶ ነበር። ናሽናልስ የሸሸው ይህን ዋጋ እንጂ ሰውየውን አይደለም።

«ተባረረ፣ በቃ አበቃ»

አላበቃም። ቡድኑ ያደረገው የቀጣዩን ዓመት ውል በቀነ ገደቡ አለማቅረብ ነው። እንዲህ ሲሆን ተጫዋቹ ነጻ ይወጣል፤ ከማንም ጋር መደራደር ይችላል፣ ከለቀቀው ቡድን ጋርም ጭምር። ፊኔጋንም በፌብሩዋሪ 2025 በ6 ሚሊዮን ዶላር ወደ ናሽናልስ ተመለሰ፤ ከዚያም ላይ ከፊሉ ቆይቶ የሚከፈል ነው።

«እንደ አዲስ የሚገነባ ቡድን ክሎዘር ምን ያደርግለታል?»

ይህ ደግሞ ውሳኔውን የሚደግፉት ወገኖች ስህተት ነው። ናሽናልስ በ2023ም በ2024ም 91 ጨዋታ ተሸንፏል፤ እውነት ነው። ግን እንደ ማኬንዚ ጎር ያለ ወጣት ፒቸር ስድስት ኢኒንግ ለፍቶ መሪነቱን አስረክቦ ሲወጣ፣ ከኋላው የሚገባው ሰው ሁሉንም ሲያፈርስበት ማየት ያማል። በ2025 የቡድኑ ተቀያሪ ፒቸሮች ከሊጉ ደካሞች መካከል ነበሩ፤ ያየነው ነው። በዚያ ላይ ጥሩ ክሎዘር የሚለወጥ ሀብት ነው። ጁላይ 31 ቀን 2025 ዲትሮይት ታይገርስ ፊኔጋንን ሲወስድ ሁለት ወጣት ፒቸሮችን ሰጥቷል።

«ስህተቱ የኖቬምበሩ ነው»

እኔ በዚህ አልስማማም። ስህተቱ የጁላይ 2024 ነው። በዚያ ወር ናሽናልስ ሌላውን ተቀያሪ ፒቸር ሀንተር ሃርቪን ለካንሳስ ሲቲ ሮያልስ ሰጥቶ ወጣቱን ተጫዋች ኬይደን ዋላስን ከአንድ የድራፍት ዕድል (አዲስ ተጫዋች የመምረጥ ተራ) ጋር ተቀበለ። ፊኔጋንን ግን ዋጋው ጣሪያ በነካበት ሰዓት አስቀረው። ያኔ የሚወስደው ቡድን ለአንድ ዓመት ተኩል ያገኘው ነበር፤ ዲትሮይት ያገኘው ለመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ብቻ ነው።