«ሪዲውስ»፦ ከሱቅ ዋጋ እስከ አጥንት ሐኪም

«ሪዲውስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አብዛኞቻችን ትምህርት ቤት የተማርነው «መቀነስ» ተብሎ ነው። ልክ ነው፣ ለዕለት ኑሮ ይበቃል። ዋጋ፣ ፍጥነት፣ ክብደት፣ ወጪ፣ ጨው፣ ሁሉም «ሪዲውስ» ይደረጋል። እንግሊዝ አገር ወደ ማታ ሱፐርማርኬት ብትገቡ ቢጫ ወረቀት የተለጠፈበት ዳቦና ሥጋ ታያላችሁ፤ ላዩ ላይ «ሪዲውስድ» ይላል። የመሸጫ ቀኑ ሊያልፍ ስለሆነ ዋጋው ወርዷል ማለት ነው።

እዚህ ጋ ከቃሉ ቀጥሎ የምትመጣውን ትንሽ ቃል ልብ በሉ፣ ኪስ ትነካለች። የ200 ፓውንድ ጫማ «ሪዲውስድ ባይ 50» ከተባለ 50 ተነስቶለት 150 ገባ። «ሪዲውስድ ቱ 50» ከተባለ ግን የምትከፍሉት 50 ብቻ ነው።

ሌላው እኛን የሚያሳስተን ሰዋስው ነው። በአማርኛ «ዋጋው ቀነሰ»ም «ዋጋውን ቀነሰ»ም ያስኬዳል። «ሪዲውስ» ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀናሽ ይፈልጋል፤ ባለሱቁ ዋጋውን፣ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን። ዋጋው ራሱ ወረደ ለማለት «ዲክሪስ» ወይም «ፎል» ይሻላል። ጋዜጦች ደግሞ ርዕስ ላይ ቦታ ስለሚጠባቸው አጭሯን «ከት»ን ይወዳሉ።

ቃሉ ከላቲን ተነስቶ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ የገባው በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። «ሬ» መልሶ፣ «ዱኬሬ» መምራት፤ ሲገጣጠም መልሶ ማምጣት ይሆናል። መቀነስ የሚለው ፍቺ በኋላ የመጣ ነው። አሮጌው ፍቺ ግን አልሞተም፣ ባለሙያዎቹ ጋ ተደብቆ ቀርቷል።

ለምሳሌ ትከሻው የወለቀ ሰው ለንደን ወይም ዋሽንግተን ድንገተኛ ክፍል ቢሄድ ሐኪሙ ትከሻህን «ሪዲውስ» እናደርገዋለን ሊለው ይችላል። ሊያሳንሱብኝ ነው እንዴ ብሎ መደንገጥ የለም፤ ወደ ቦታው እንመልሰዋለን ማለቱ ነው። ስብራትም እንደዚያው። ቆዳ ሳይከፈት ከውጭ እየጎተቱና እየገፉ አጥንቱን ካስተካከሉት «ክሎዝድ ሪዳክሽን» («ሪዳክሽን» የ«ሪዲውስ» ስሙ ነው)፣ በቀዶ ሕክምና ከሆነ «ኦፕን ሪዳክሽን» ይባላል፤ ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ ብረትና ብሎን ይከተለዋል። የእኛ ወጌሻ ሲሠራ የኖረው የመጀመሪያውን ነው፣ ያውም ያለ ራጅና ያለ ማደንዘዣ። በቡአ የወጣ አንጀት ተገፍቶ ወደ ሆድ ሲመለስም ቃሉ ያው ነው።

ኬሚስትሪ ላይ ደግሞ ተማሪ ሁሉ ግራ የሚጋባበት ነገር አለ። «ሪዳክሽን» ማለት ኤሌክትሮን መቀበል ነው ይባላል። ተቀብሎ እንዴት ቀነሰ? ነገሩ የሚጀምረው ከማቅለጫ ምድጃ ነው። የድሮ ማዕድን አቅላጮች «ሪዲውስ» የሚሉት የማዕድኑን ድንጋይ ወደ ብረትነቱ መመለስን ነበር። በእርግጥ ክብደቱም ይቀንሳል፤ 160 ግራም የብረት ኦክሳይድ ኦክስጅኑ ሙሉ በሙሉ ሲወሰድበት ወደ 112 ግራም ብረት ይቀራል። ኤሌክትሮን እ.ኤ.አ. በ1897 ከታወቀ በኋላ ፍቺው ሰፋ፣ ኦክስጅን ባይኖርም የሚሠራ ሆነ። ኤሌክትሮን ኔጌቲቭ ስለሆነ ቻርጁ ፕላስ 2 የነበረ የመዳብ አዮን (ቻርጅ ያለው አቶም) ሁለት ኤሌክትሮን ሲቀበል ወደ ዜሮ ይወርዳል። ቁጥሩን ካያችሁ መቀነሱ አለ፣ መምህራን ግን ይህን ሳያብራሩ ተማሪውን ቃሉን ብቻ ያሸመድዱታል።

ሒሳብ ላይ 12/18ን «ሪዲውስ» አድርጉ ሲባል 2/3 ይሆናል፤ ላዕሉና ታህቱ አነሱ እንጂ ዋጋው ቅንጣት አልተነካም። ኩሽና ውስጥ «ሪዲውስ» ማለት መረቁን እሳት ላይ አቆይቶ ውሃው ተኖ ወፈር እስኪል ማብሰል ነው።

የታሪክ ጽሑፍ ላይ «ሪዳክሽን» የሚባሉ መንደሮች ካጋጠሟችሁ ደግሞ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. ከ1609 ጀምሮ ፓራጓይና አካባቢው ላይ የጉዋራኒን ሕዝብ ሰብስበው ያሰፈሩባቸው ናቸው። ስሙ ከስፓኝኛ የተወሰደ ነው። የስፔን ንጉሥ በ1767 ኢየሱሳውያኑን ከግዛቱ እስኪያባርር ድረስ በእነሱ እጅ ቆይተዋል።

የሰውን መውረድ የሚገልጽ አጠቃቀምም አለ፣ እሱም ከ«ቱ» ጋር ነው የሚሄደው። ከተማ በቦምብ ወደ ፍርስራሽ፣ የከሰረ ሰው ወደ ልመና፣ ጥፋት የተገኘበት ሳጅን ማዕረጉ ተገፎ ወደ ተራ ወታደርነት «ሪዲውስድ» ይሆናል። ሰውን በንግግር አስለቀሰው ለማለትም ይሄው ይገባል። የድሮ እንግሊዞች ያጣ ጌታን ፊት ለፊት ደኸየ ማለት ሲከብዳቸው ኑሮው «ሪዲውስድ» ሆኗል ይሉ ነበር። ዛሬ እንዲህ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወይ ልብ ወለድ እያነበባችሁ ነው፣ ወይ ሰውየው እየቀለደ ነው።